«ገብቷል» የሚባለው ቸርኬ

ጎሚስታው ቸርኬውን አንስቶ ሞዞው ላይ ይሰካል። ዳዶዎቹን በእጁ ጀማምሮ በመፍቻ ያጠብቃል፤ አልጠብቅ ካለው መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ይቆምበታል። ከዚያ «ገብቷል» ይላል። ባለመኪናው ይከፍላል፣ መኪናው ይሄዳል። ከጎንደር እስከ እንፍራንዝ፣ ከእንፍራንዝ እስከ አዲስ ዘመን፣ ወደ ሰሜንም እስከ ደባርቅ ብዙ ቸርኬ በዚህች አንዲት ቃል ጸድቆ ይሽከረከራል።

ቃሏ የምትመሰክረው ግን ቡሎኑ በቀዳዳው ማለፉን ብቻ ነው። ቸርኬው መሐሉን ጠብቆ ስለመቀመጡ፣ ከፍሬኑ ጋር ስላለመነካካቱ፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ስላለመላጡ፣ ሰው ሲሞላበት ክብደቱን ስለመሸከሙ የምትለው ነገር የለም። መግባት ሌላ፣ መግጠም ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ 2 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸርኬውን የመረጠው ሰው ሳይሆን ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ክልሉ በግጭት፣ በመንገድ መዘጋትና በኑሮ ውድነት ተወጥሮ ሳለ ስለ ቸርኬ ማውራት ምን ይባላል ሊል ይችላል። ቸርኬ የሚቀየረው ለውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበር። የቪትዝ ባለቤት የሆነ ወጣት ባለ 14 ኢንቹን አውልቆ ባለ 16 ቢያስገባ በራሱ ገንዘብ ነው፤ ያምርለታል አያምርለትም የራሱ ጉዳይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ሚኒባስ ግን ቸርኬ የሚቀይረው ጉድጓድ ስላጣመመበት ወይም ስለሰነጠቀበት ነው። የራሱን ዓይነት ሲፈልግ አያገኝም፣ ካገኘም ዋጋው ያስደነግጠዋል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲወሰን ደግሞ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜያቸው እንዲራዘም ተፈረደባቸው። እናም ሾፌሩ ከሶማሌ ተራ የመጣውን፣ ከተጋጨ መኪና የተፈታውን፣ ጎረቤት ጋራዥ ጥግ የተጣለውን አንስቶ ይሞክራል። ቀዳዳው ከገጠመ ሥራ አለ፣ ካልገጠመ ሥራ የለም። ምርጫው እዚህ ላይ ሲደርስ 2 ሚሊሜትር የሚታየው የለም።

ከሁለት ሚሊሜትሯ እንጀምር። ላዳ የፊያት ዝርያ ናት፤ አራቱ ቡሎኖቿ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 98 ሚሊሜትር ነው። ቪትዝ፣ የድሮዎቹ ኮሮላዎችና አሁን በየታክሲው የሚታየው ሱዙኪ ዲዛየር 100 ሚሊሜትር ናቸው። የላዳው ባለቤት ባለ 100 ሚሊሜትር ቸርኬ ቢሞክር ቡሎኖቹ እየተንገራገጩም ቢሆን ይገባሉ። የመጀመሪያው ቡሎን ሲጠብቅ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ የቀሩት ሦስቱ ጥርሳቸውን ይይዛሉ እንጂ የሾጣጣ አንገታቸው ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። በእጅ ሲነካ የጠበቀ ይመስላል። መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ግን ቀስ እያለ ይላላል፣ ወይም ቡሎኑ ተጣሞ ቆይቶ አንድ ቀን ይበጠሳል። ለዚህች ልዩነት ተብሎ የሚሠራ አንገቱ የሚንሸራተት ልዩ ቡሎን በዓለም ገበያ አለ። ያ ከሌለ ግን የላዳ ቸርኬ ለላዳ፣ የቶዮታ ለቶዮታ ነው።

አምስት ቀዳዳ ያላቸው ላይ ነገሩ ይብሳል። ብዙዎቹ ባለ አምስት ቀዳዳ ቶዮታዎች 114.3 ሚሊሜትር ናቸው። በአዲስ አበባ መንገዶች የተለመደችው የኤሌክትሪኳ ቮልስዋገን አይዲ 4 ደግሞ 112 ናት። የአምስት ቀዳዳ ክብ ስፋት በሜትር በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው በሁለት ጎረቤታም ቀዳዳዎች መሐል ያለው ርቀት ነው፣ እሱ በ1.7 ሲባዛ ክቡን ይሰጣል። በ114.3 ላይ ያ ርቀት 67.2 ሚሊሜትር፣ በ112 ላይ 65.8 ይሆናል። ልዩነቱ 1.4 ሚሊሜትር ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር እየለኩ «እኩል ነው» የሚሉ ሰዎች ዓይናቸው ስለማያይ አይደለም፤ መሣሪያው አያሳይም። ካሊፐር መለኪያ በየጎሚስታው ቤት መኖር ያለበት ለዚህ ነው፣ ዋጋውም ከአንድ አሮጌ ጎማ ያነሰ ነው።

ስድስት ቀዳዳዎቹ ሌላ ወጥመድ አላቸው፤ ሁሉም ይገባሉ። ሃይላክስ፣ አዲሱ ሃይስ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ ኒሳን ፓትሮል በ6 በ139.7 ይስማማሉ። የማይስማሙት የመሐሉ ቀዳዳ ላይ ነው። የሃይላክስ ሞዞ 106.1 ሚሊሜትር ነው፣ የሬንጀር ቸርኬ መሐል 93.1፣ የፓትሮል 110። የሬንጀሩ ሃይላክስ ላይ እንቢ ስለሚል ቢያንስ ሐቀኛ ነው። አደገኛው የፓትሮሉ ነው፤ በ4 ሚሊሜትር ገደማ ሰፍቶ ዘው ብሎ ይገባና ክብደቱን በሙሉ ቡሎኖቹ ላይ ይጥላል።

የመሐል ቀዳዳ መስፋት የሚያመጣውን በሽታ የጎንደር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ስሙን ግን በሌላ ይጠራዋል። መኪናው ከተማ ውስጥ ደህና ነው። ከማክሰኚት ወጥቶ መንገዱ ሲስተካከልና ፍጥነቱ 80 ሲያልፍ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወደ ባላንስ ቤት ይወሰዳል። ባላንስ ማድረጊያው ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመሐሉ ቀዳዳ በሾጣጣ ስለሆነ እዚያ ላይ ፍጹም ክብ ሆኖ ይሽከረከራል፤ እርሳስ ተለጥፎ «ተስተካክሏል» ይባላል። መኪናው ላይ ሲመለስ እንደገና ከመሐሉ ይሸሻል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ አላይመንት ይከፈላል፣ ቀጥሎ ቴስቲና ይቀየራል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታ። ሰውየው ሦስትና አራት ጊዜ የተሳሳተ ሐኪም ቤት ሄዶ ከከፈለ በኋላ መድኃኒቱ አንዲት ቀለበት ሆና ትገኛለች። ውጪው የቸርኬውን፣ ውስጡ የሞዞውን ልክ የሆነች ቀለበት።

ይህችን ቀለበት ከጎንደር ቶርኖ ቤቶች የተሻለ የሚሠራት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከውጭ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ናት፤ ለሜዳ ትበቃለች። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ለሚወርድ መኪና ግን ፍሬኑ የሚያወጣው ሙቀት ፕላስቲክን ሊያለሰልሰው ይችላል። ባለ ቶርኖው ከአሉሚኒየም አንድ ቁራጭ ላይ 110 በ106.1 አድርጎ ቢያወጣት፣ ዝገት እንዳያጣብቃት ስስ ግራሶ ቢቀባት፣ የመኪናውን ዕድሜ ትኖራለች። እዚህ አገር ሰው ያለው እጅና ማሽን ለችግሩ ከበቂ በላይ ነው።

ያው ቶርኖ ግን ለሌላም ይውላል። የማይገባውን ቀዳዳ በሞረድ እንቁላል ማስመሰል፣ በቀዳዳዎቹ መካከል አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ የሬንጀሩን መሐል ከ93.1 ወደ 106.1 መቦርቦር። የመጨረሻውን አንዳንድ ወፍራም ቸርኬ ይችለዋል ይባል ይሆናል። በየጎኑ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ብረት ቡሎኑ አጠገብ ከተነሣ በኋላ የቀረው ይበቃል አይበቃም ለማለት ግን ግምት አይበቃም፤ ሕዝብ በሚጭን መኪና ላይ ደግሞ ሙከራው ራሱ መከልከል አለበት። በሞረድ የሰፋ ቀዳዳን በተመለከተ ክርክር የለም፣ ያ ቸርኬ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሰጥ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር። የጋራዡ ቋንቋ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው፤ ጎንደር ደግሞ በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር መጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ስለሆነች ቃላቱ እዚህ ሥር ሰደዋል። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞዞ፣ ካላማዳሪ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ስኮርት። በዓይን የሚታይና በእጅ የሚያዝ ሁሉ ስም አለው። አንድ ነገር ግን ስም ሳይወጣለት ቀረ፦ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ ምን ያህል ወደ ውጪ ወይም ወደ ውስጥ እንደሆነ። ፈረንጆቹ ኦፍሴት ይሉታል፤ ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና በቁጥር ይቀረጻል። ገበያው «ወጣ ያለ» እና «ገባ ያለ» ቸርኬ ብሎ ያልፈዋል። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ገዢ አይጠይቅም፣ ሻጭም አይናገርም።

ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሳሌ ይታይ። የአዲሱ ሃይስ የፋብሪካ ቸርኬ ወርዱ 6 ኢንች፣ ኢቲው 35 ነው። የድሮ ላንድ ክሩዘር ወርዱ 8 ኢንች፣ ኢቲው 0 የሆነ የሚያምር የአሉሚኒየም ቸርኬ አለው፤ ስድስቱም ቀዳዳ ሃይስ ላይ ይገባል። የወርዱ ጭማሪ ግማሽ 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ የኢቲው ልዩነት 35 ሲደመርበት የጎማው ውጫዊ ጠርዝ ከቀድሞው 60 ሚሊሜትር ወደ ውጪ ይወጣል ማለት ነው። አራት ጣት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። መልኩ ግርማ ይሰጠዋል፣ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ግን የመኪናው ክብደት በኩሽኔታው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ተቀይሯል፤ ቀድሞ በኩሽኔታው ላይ ያርፍ የነበረው ጭነት አሁን እንደ ዘንግ ያጎብጠዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ ይነጠቃል። ሰው ሲሞላና ኋላው ሲወርድ ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላል።

ያኔ የሚወሰደው መፍትሔ የታወቀ ነው፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ በመዶሻ ይታጠፋል፣ ወይም ባሌስትራ ይጨመራል። አንዱ ችግር ሌላ እንዲወልድ የሚደረገው እንዲህ ነው። ባሌስትራው ሲጨመር የመኪናው ሚዛን ከፍ ይላል፣ ከፍ ሲል መታጠፊያ ላይ ያዘነብላል፣ ሾፌሩም «መኪናው ተበላሸ» ይላል። የተበላሸው መኪናው ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነበር። ተቃራኒውም አለ፤ ቸርኬው በጣም ገብቶ የፍሬኑን ካሊፐር ወይም የፍሬን ቱቦውን ሲነካ በስፔሶር ወደ ውጪ ይገፋል። ስፔሶሩ መሐሉን የሚይዝ የራሱ አንገት ያለውና በቶርኖ ልኩን ጠብቆ የተሠራ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ራንዴላ ደራርቦ ስፔሶር ማለት ግን ስድብ ነው። የቱም ቢሆን ዳዶው ቡሎኑ ላይ ስንት ዙር እንደያዘ መቁጠር የግድ ነው። የቶዮታ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ስለሆነ ዳዶው ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መሄድ አለበት። አራት ዙር ዞሮ ከጠበቀ አልጠበቀም።

ስለ ዳዶ ከተነሣ፣ የኒሳንና የሱዙኪ ጥርስ 1.25 ነው። የቶዮታ ዳዶ እነሱ ላይ ሁለት ዙር ሄዶ ሲያስቸግር «ዝገት ነው» ብሎ በቱቦ የሚያስገድደው ሰው ጥርሱን እየፈጨ ነው። ቶዮታ ለአሉሚኒየም ቸርኬው የሚሰጠው ዳዶም ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛው ግን ሾጣጣ ወንበር ይፈልጋል። ጠፍጣፋውን ሾጣጣው ላይ ማሰር ክዳኑ የሌላ የሆነ ድስት እንደመክደን ነው፤ ይከድናል፣ ግን አይዘጋም። ቸርኬ ሲገዛ ዳዶውም አብሮ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ግን መፈክር የሌለው፣ ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ቁጥር የተጻፈው የጭነት ልክ ነው። የሃይስ የፋብሪካ ጎማ በስሙ መጨረሻ የጭነት ምልክት ያለበት፣ ቁጥሩም 104 ወይም 106 ገደማ የሆነ ነው፤ 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ይሸከማል፣ 106 ደግሞ 950። ያው 15 ኢንች የሆነና በመልክ የሚመስለው የኮሮላ 195/65 ጎማ ቁጥሩ 91 ነው። 91 ማለት 615 ኪሎ። አራቱ ተደምረው 2,460 ኪሎ ይሆናሉ። ሃይስ ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ጭኖ ሲነሣ 3 ቶን ይጠጋል፤ ትርፍ ሰው ሲጨመርማ ሒሳቡን ተሳፋሪው ራሱ ይሥራው። ይህ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም። ይሞቃል፣ ጎኑ ይደክማል፣ ከዚያ በአንድ የቀትር ፀሐይ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሾፌሩ በሚነዳበት ሰዓት ይፈነዳል።

ቸርኬውም እንደዚሁ ነው። ጃፓኖች ለቤት መኪና የአሉሚኒየም ቸርኬ አንድ የጥንካሬ ምልክት፣ ለጭነትና ለሕዝብ መኪና ደግሞ ሌላ ከበድ ያለ ምልክት አላቸው፤ የመጀመሪያው «ጄደብሊውኤል»፣ ሁለተኛው በጀርባው «ቲ» የተጨመረበት ነው። ጃፓን ውስጥ የጭነት ሃይስ ያለ «ቲ»ው ምልክት ምርመራ አያልፍም። እዚህ ምልክቱን ገልብጦ የሚያይ የለም። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ደግሞ በአርጎን ተበይዶ ቀለም ተቀብቶ ይሸጣል፤ ብየዳው ስንጥቁን ይዘጋል እንጂ ብረቱ በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ አይመልስም። ለዚህ መንገድ የሚኒባስ ምርጥ ቸርኬ ማንም ፎቶ የማያነሳው የብረቱ ነው። ጉድጓድ ቢመታ ይጣመማል፣ በመዶሻ ይቃናል፣ ሳይናገር አይሰበርም።

የጎሚስታዎቹ ጥፋት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፣ ግን ፍትሕ አይደለም። ጎሚስታው የሚመጣለትን ነው የሚያስረው። ጎማ ከለበሰ በኋላ ሻጩ እንደማይመልስ ያውቃል፤ ባለመኪናውም ተሳፋሪ እየጠበቀው ይቸኩላል። ማስተካከል የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው፦ ባዶው ቸርኬ ጎማ ሳይለብስ መኪናው ላይ ታስሮ በእጅ ሲሽከረከር፣ ከፍሬኑ ጋር ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ክፍተት እንዳለው ሲታይ፣ ከዚያ ጎማው ለብሶ መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ፣ ኋላው ላይ ሰው ወጥቶ ሲዘል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን የሚያደርግ ጎሚስታ ሲገኝ ጥቂት ብር ጨምሮ መክፈል ለሚኒባስ ባለንብረት የሚከብድ አይደለም።

ቸርኬ የተቀየረ መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት፤ አዲስ የተገናኙ ብረቶች ቀለማቸውንና ዝገታቸውን እየጨፈለቁ ስለሚቀመጡ። ጎንደር ቸርኬ ቀይሮ ወደ ባሕር ዳር ለሚወርድ ሾፌር ያ ርቀት በጉዛራ ግንብ ሥር፣ እንፍራንዝ ላይ ይሞላል። ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ነው። ረዳቱ መፍቻ ይዞ ቢዞር፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል።

ከሾፌሩ በላይ ያለው ክፍል ደግሞ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ መኪና ሁሉ ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ ይቀርባል። ምርመራው የጎማውን ጥርስ ጥልቀት አይቶ ካሳለፈና የጭነት ቁጥሩን ካላነበበ፣ ሃይስ በኮሮላ ጎማ ቦሎ ይወስዳል ማለት ነው። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለማንበብ ማሽን አይጠይቅም። የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ሕዝብ ለሚጭኑ መኪኖች ብቻ እንኳ ይህን ቁጥርና የቸርኬውን ኢቲ በምርመራ ቅጹ ላይ ቢያስገባ፣ አዲስ ሕግ ሳያወጣ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ቀሪው የሻጩ ነው። ቸርኬ የሚሸጥ ሱቅ፣ አዲስም ሰልቫጅም ይሁን፣ ደረሰኙ ላይ «አንድ ፍሬ ቸርኬ» ከሚል ይልቅ ለሃይስ ባለቤት እንዲህ ብሎ ይጻፍለት፦ 6 በ139.7፣ መሐል 106.1፣ ወርድ 6፣ ኢቲ 35፣ ሾጣጣ ዳዶ 12 በ1.5፣ የብረት። ያልገጠመለት ሰው ይዞት ተመልሶ የሚሟገትበት ወረቀት ይኖረዋል።